የሚሌ ድርቆሽ

ልጅ እያለሁ የአባቴን ኪስ የሚፈትሽ ሰው አልነበረም። አሁን እኔ እፈትሻለሁ። ሸሚዙን ወንበር ላይ ጥሎ ሸለብ ሲያደርገው፣ ላጥበው ስወስደው፣ አንዳንዴም ለብሶት ቁጭ ብሎ ዜና እያየ ሳለ "አባዬ፣ ቁልፍህ ሊበጠስ ነው" ብዬ ጠጋ እልና በሁለት ጣቴ ኪሱን ዳሰስ አደርጋለሁ። እሱም ነገሩን ያውቃል። ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል ደረቱን ወደ እኔ መለስ ያደርግልኛል።

ይህን ጠርጣራነት የወረስኩት ከእናቴ ነው። ነፍሷን ይማርና እማዬ የማትጠረጥረው ነገር አልነበረም። የውኃ በርሜላችን ላይ ውኃው የደረሰበትን በጠመኔ ታሰምር ነበር፣ ማን እንደቀዳባት ለማወቅ። ባጌት የሚያዞረው ሰውዬ ሲመጣ ዳቦውን በአውራ ጣቷ ጫን ታደርግና የትናንት ከሆነ "እኔ ጥርስ የለኝም መሰለህ?" ብላ በሶማሊኛ ታፋጥጠዋለች። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደግሞ በሩ ላይ አቁማ አፌን ታሸተኛለች። ከረሜላ የበላሁ እንደሆነ የከረሜላውን ዓይነት ሳይቀር ለይታ ትነግረኛለች፤ ውይ፣ አፍንጫዋ! የጎረቤት ምስር ሊያርር ሲል እኛ ቤት ሆና "ኻድራ፣ እሳቱን ቀንሺው እንጂ!" ብላ የምትጮህ ሴት ነበረች። ይህን አፍንጫዋን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

እንዲህ ያለችው ሴት በዚህ ዓለም ላይ ያልጠረጠረችው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም አባዬ ነው።

የምንኖረው ያኔም አሁንም ጅቡቲ፣ ካርቲየ 4 የሚባል ሰፈር ነው። ያን ጊዜ ቤታችን ከጣውላና ከቆርቆሮ የተሠራ፣ ሰማያዊ ቀለሙ በጨው አየር የተላላጠ ነበር። ከጎረቤታችን ከኤዶ ኻድራ ግቢ የሚለየን የጣውላ አጥር ነው። "ኤዶ" በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚያ ነው የምጠራት። አጥሩ መሀል መቀርቀሪያ የሌላት ትንሽ በር ነበረች። በዚያች በር ሽንኩርት ይገባል፣ ክብሪት ይወጣል፤ በረመዳን ሳምቡሳ ይመጣል፣ በፋሲካ ድፎ ዳቦ ይሄዳል። ኤዶ ኻድራ ድሬዳዋ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አማርኛዋ እንደ ውኃ ነው የሚፈሰው። እማዬ ለማንም የማትነግረውን ለሷ ትነግራት ነበር። ባሏ ወደብ ላይ ጫኝና አውራጅ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ተቀምጦ ይቅማል። አንዲት ፍየልና ሱልጣን የሚባል ወፍራም ቀይ ድመትም ነበራቸው።

እማዬ ጫት የሚባል ነገር ማየት አትፈልግም ነበር። የታላቅ ወንድሟ ነገር ነው። ጎበዝ መካኒክ የነበረ ሰው ቅሞ ቅሞ ሥራውንም ሚስቱንም ጥሎ ከሰው ተራ ሲወጣ በዓይኗ አይታለች። አባዬ ሊያገባት ሽማግሌ ሲልክ ያስገባችው ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ ጫት ቤቴ አይገባም። አባዬም በአባቱ ስም ማለላት። ከቀትር በኋላ የጫት መኪኖች ክላክስ እያስጮኹ ሰፈሩን ሲያምሱት እማዬ ተነስታ መስኮቱን ትዘጋና ወደ ስፌት መኪናዋ ትመለሳለች። በእግሯ የምትረግጠው የስፌት መኪና ነበራት፤ የተማሪ ዩኒፎርምና አጎበር ትሰፋበታለች። "የሰፈሩ ወንድ ሁሉ ጉንጩን ሲነፋ የኔው ብቻ ንጹሕ ነው" እያለች ስትረግጠው ኩራቷ ከመኪናው ድምፅ በላይ ይሰማል።

አባዬ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከወደቡ ይጭንና በጋላፊ አድርጎ አዲስ አበባ ያራግፋል፤ ሲመለስ ናፍጣና አቧራ ይሸታል፤ ያ ሽታ ለኔ የደስታ ሽታ ነበር። አንድ ጊዜ ሲመለስ ታዲያ ጋቢናው ውስጥ በካርቶን አንዲት ገብስማ ዶሮ ይዞ መጣ። ሚሌ ከተማ ነው የገዛት፤ ስሟንም ሚሌ አልናት። ጅቡቲ ውስጥ እኔ የማውቀው ዶሮ በረዶ ሆኖ በመርከብ የሚመጣውን ነጭ ሬሳ ነበር። የምትራመድ፣ የምትቆጣ፣ አንዲት እንቁላል ጥላ ሰፈር የምታስነሳ ዶሮ ሳይ ግን እብድ ሆንኩ። ከትምህርት ቤት ስመጣ በሩ ላይ ትጠብቀኛለች፤ የጫማዬን ማሰሪያ ትል እየመሰላት ትጎትተዋለች። ከጓደኞቼ ጋር ሱዚ ስዘል እንኳ ገመዱ መሀል ገብታ ትረብሸን ነበር። እህት ወንድም የለኝምና ሚሌ የኔ ነበረች፣ በቃ።

አባዬም አሰበላት። ከመንገድ በተመለሰ ቁጥር በጆንያ ድርቆሽ ይዞላት ይመጣል። "እዚህ አገር ሣር የት ይገኛል? ሲሚንቶ ላይ እየጣለች እንቁላሏ ይሰበራል" ይላል። እማዬ ጆንያውን ትቀበለውና ሚሌ የምታድርበት የጣውላ ሣጥን ውስጥ በእጇ እየበታተነች ታነጥፍላታለች። "ለዶሮ እንኳ የሚያስብ ሰው ነው" ብላ በአጥሩ ላይ ለኤዶ ኻድራ ትነግራታለች። ኤዶ ኻድራም ፈገግ ትልና "ተፈራማ ደግ ነው፣ አቦ" ትላለች። ያቺ ፈገግታ ያን ጊዜ ምንም አልመሰለችኝም።

ነገሩ የሆነው ትምህርት ሊዘጋ ሲል፣ ሙቀቱ መግቢያ መውጫ ባሳጣን ሰሞን ነው። አባዬ መንገድ ላይ ነበር። ከምሳ በኋላ ከተማው በሙሉ ይተኛል፤ እኛም ደጃፉ ላይ እርጥብ ጨርቅ ሰቅለን ወለሉ ላይ ተዘርረናል። ድንገት ሚሌ ጮኸች። እንቁላል የጣለች ዶሮ ጩኸት አልነበረም። ተሯሩጠን ስንወጣ ግቢው ላባ በላባ ሆኗል። ሚሌ የውኃው በርሜል ሥር ተወሽቃ ትንቀጠቀጣለች፤ ጀርባዋ ላይ ቆዳዋ ተገሽልጦ ሥጋዋ ይታያል። ሱልጣን አጥሩ ላይ ቁጭ ብሎ እግሩን ይልሳል።

"ይኸውላችሁ!" አለች እማዬ። ሌላ ምስክር አላስፈለጋትም።

ያን ጊዜ ዝናሽ የምትባል ወጣት እኛ ቤት ተጠግታ ነበር። የፈረንጆች ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ቆይታ ማዳሟ አገሯ ስትገባ፣ ሌላ ቤት እስክታገኝ ነው እኛ ጋ የመጣችው። ከማዳሟ የለቃቀመችው እንግሊዝኛ ኩራቷ ነበር። ውኃውን "ዋተር"፣ በሩን "ዶር" ትላለች። እማዬም "ይቺ ልጅ ዶር ስትል ዶሮ እየመሰለኝ ስንቴ ግቢ ወጣሁ!" እያለች ታማርራለች።

ዝናሽ ሚሌን በፎጣ ጠቅልላ ያዘቻት። እማዬ መርፌዋን በውኃ ቀቀለች፣ ቁስሉን በጨው ውኃ አጠበችና የተገሸለጠውን ቆዳ ልክ የዩኒፎርም ጠርዝ እንደምትሰፋ አድርጋ ሰፋችው። ክሩም የዩኒፎርሙ ሰማያዊ ክር ነበር። ላዩ ላይ ጂቪ የሚባለውን ሐምራዊ መድኃኒት ስትቀባት ሚሌም ሐምራዊ፣ የእማዬም ጣት ሐምራዊ፣ እንባዬን የጠረግኩበት ጉንጬም ሐምራዊ ሆነ።

"እትዬ፣ ሳትሞትብን ብትታረድ አይሻልም?" አለች ዝናሽ።

"ማን ያርዳታል?" አለች እማዬ።

ሚሌን ያቆያት ይኼ ጥያቄ ነው። በኛ ወግ ሴት ዶሮ አታርድም። ወንድ ቤት ከሌለ ቢላዋና ዶሮ ይዛ ደጅ ትወጣና ያገኘችውን ወንድ "እባክህ ወንድሜ፣ እረድልኝ" ትላለች። ካርቲየ 4 ግን ደጅ ብትወጣ የምታገኘው ወንድ ሙስሊም ነው። እሱ ያረደውን እኛ አንበላም፣ የኛ ሰው ያረደውን እሱ አይበላም። እማዬ ትንሽ አሰበችና "ተፈራ ይምጣ" ብላ ቆረጠች። "እሱ እስኪመጣ እህል ከቀመሰች ትኑር። ካልበላች ግን በከንቱ አትሠቃይም።"

አባዬ ቶሎ እንዲመጣ ስጸልይ የኖርኩት ልጅ ያን ሰሞን እንዳይመጣ ጸለይኩ። ጎማው እንዲፈነዳ ሁሉ ለመንኩ መሰለኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሚሌ አልበላችም። ሩዝ አፈሰስኩላት፣ የዳቦ ፍርፋሪ አቀረብኩላት፣ ከራሴ ሳህን ቱና ሰርቄ ሰጠኋት፤ ዞር ብላ አላየችውም። አንገቷን እየጠመዘዘች ትዘረጋለች፣ አፏን ትከፍትና መልሳ ትዘጋለች። የሚገርመው፣ አንገቷ ሥር ያለው፣ የበላችው እህል የሚጠራቀምበት ከረጢት ግን ሙሉ ነበር። ሙሉ ብቻ አይደለም፤ ብይ እንደተሞላ ካልሲ ጠጥሯል። ምንም ያልበላች ዶሮ ምን ሞላት? አፏን በከፈተች ቁጥር ደግሞ የሚወጣው ሽታ የኮመጠጠ፣ አረንጓዴ የሆነ ነገር ነበር።

እማዬን ጠራኋት። ጎንበስ ብላ የሚሌን አፍ አሸተተች። ለአፍታ ቀጥ አለች፤ ከዚያ ቀና ብላ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

"መርዝ ነው" አለች።

"ማን መረዛት?"

"እኔ ምን አውቄ" አለች፣ ወደ አጥሩ እያየች።

በማግስቱ እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ዝናሽ ሚሌን በዘንቢል ይዛ ጥግ ያለው ፋርማሲ ወሰደቻት። ስመለስ ቤቱ ተገለባብጦ ጠበቀኝ። ዝናሽ ፊቷ እየበራ ታስረዳለች። ፋርማሲስቱ የሚሌን ከረጢት ጫን ጫን አደረገ፣ አፏን አሸተተ፣ ሳቀ፣ ከዚያም ጥርት አድርጎ ተናገረ።

"ካት አለኝ እኮ! ሁለት ሦስቴ ነው የደጋገመልኝ፤ ካት! ካት! በእንግሊዝኛ ድመት ማለት ነው።"

"ሌላስ ምን አለ?" አለች እማዬ።

"ሌላውን በፈረንሳይኛ ነው ያለው፣ እሱ አልገባኝም። ካት ማለቱን ግን በማርያም፣ በዚህ ጆሮዬ ነው የሰማሁት።"

እማዬ መዶሻ አነሳች። አፏ ላይ ምስማር ደርድራ ያቺን የአጥር በር ትመታት ጀመር። ኤዶ ኻድራ በወዲያኛው በኩል እየሮጠች መጣች።

"ወርቄ! አቦ ምን ሆነሻል?"

"ድመትሽ ዶሮዬን ገደላት።"

"ሱልጣን? ሱልጣን እኮ ዓሣ ጠግቦ አጥንቱን የሚንቅ ድመት ነው። ዶሮሽን ምን ሊያደርጋት?"

"ፋርማሲስት መስክሮበታል!"

"እንዴ፣ ፋርማሲስት ደግሞ ድመት መክሰስ ጀመረ?" አለች ኤዶ ኻድራ። እማዬ በመዶሻው መለሰችላት። ትንሽ ቆይቶ በጣውላው ክፍተት ሳይ ኤዶ ኻድራ ሱልጣንን ታቅፋ ወደ ቤቷ ስትገባ፣ በሩንም ስትዘጋበት አየሁ። ዓይኗ ቀልቷል።

እንደዚያ ያለ ሰሞን አይመለስ። እማዬ ሽንኩርት ሲያልቅባት ሱቅ ትልከኛለች። ኤዶ ኻድራ ልብስ ስታሰጣ ድሮ የምታንጎራጉረውን ተወች። ሱልጣን ተዘግቶበት ቀኑን ሙሉ ያለቅሳል። እኔ ደግሞ ሰው ሁሉ ጠላት መሰለኝ። ባጌት አዟሪው ሚሌን ለምን አያት? የኤዶ ኻድራ ባል በመንገድ ሲያልፍ ለምን ሳል? ዝናሽስ "ትታረድ" ያለችው ለምንድን ነው፣ ርቧት ይሆን? ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ሳላወርድ ሚሌ አጠገብ ቁጢጥ ብዬ ዘብ እጠብቃለሁ።

ታዲያ እንዲህ ስጠብቅ ነው ሁለት ቁራዎች ከኤሌክትሪክ ገመዱ ላይ ወርደው ሚሌ ላይ የሰፈሩባት። አንደኛው ፊት ለፊቷ እየዘለለ ያታልላታል፣ ሌላው ከኋላ መጥቶ ስፌቱን ይጎትታል። ነጠላ ጫማዬን ወርውሬ፣ ጮኼ፣ አባረርኳቸው። ሱልጣን ያን ጊዜም ቤት ተዘግቶበት እያለቀሰ ነበር። እየሮጥኩ ለእማዬ ነገርኳት።

"ቁራው ቁስል አይቶ ነው የመጣው" አለች፣ ከስፌቷ ቀና ሳትል። "የጀመራትማ ድመቱ ነው።"

በዚያው ዕለት ማታ የአባዬ ጓደኛ፣ እሱም ሹፌር ነው፣ በደጃችን ሲያልፍ መኪናውን ሳያጠፋ "ተፈራ ጋላፊ ደርሷል!" ብሎን ሄደ። ጋላፊ ደረሰ ማለት ነገ እዚህ ነው ማለት ነው። እማዬ ቢላዋውን ከመደርደሪያ አውርዳ በሳህን ቂጥ ስትስለው ሰማሁ። ሚሌ እስካሁን አንዲት ፍሬ አልቀመሰችም።

ጠዋት ትምህርት ቤት አልሄድኩም። መጻሕፍቴን አልጋ ሥር ከትቼ ሚሌን ቦርሳዬ ውስጥ አስገብቼ፣ አንገቷ በዚፑ በኩል ወጥቶ፣ ወደዚያ ፋርማሲ ገሰገስኩ። ያ ሁሉ የፈረንሳይኛ ትምህርት ለመጀመሪያ ጊዜ ለቁም ነገር ዋለ። ፋርማሲስቱ ወፍራም መነጽር ያደረገ ሰው ነበር። በፈረንሳይኛ "ሙሴ፣ እውነት ዶሮዬን የጎዳት ድመት ነው?" አልኩት። በፈረንሳይኛ ድመት "ሻ" ነው። ሰውዬው ግራ ገባው።

"ሻ? የምን ሻ?" አለ። ከዚያ ሚሌን አያት፣ የሐምራዊ ጀርባዋን ሰማያዊ ስፌት አየ፣ አስታወሳት። "ሴ ለ ካት፣ ማ ፊይ! ለ ካት!" አለና በምላሱ ጉንጩን ወጥሮ፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ፣ ያላመጠ መሰለ።

ክው አልኩ። ካት! የጅቡቲ ሰው በፈረንሳይኛው መሀል ካት የሚለው ጫትን ነው። ይህን እዚህ ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ ዝናሽ ግን ካትን ያወቀችው ከማዳሟ ነው። ፋርማሲስቱ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ዶሮዋ የጫት እንጨትና ደረቅ ቅጠል ለቅማ ኖሯል፤ ከረጢቷ ውስጥ እንደ ክር ተቋጥሮ እህል አላሳልፍ ብሏል። ሆዷ የከበዳት ዶሮ መሸሽ ስለማትችል ያገኛት ሁሉ ይነክሳታል አለኝ። ጥቂት ጥቂት ዘይት እንዳጠጣት፣ ከረጢቷን ከላይ ወደ ታች በቀስታ እንዳሽላት፣ እስኪለቅላትም እህል እንዳልሰጣት ነግሮኝ አሰናበተኝ።

እያለከለኩ ቤት ገባሁ። "እማዬ፣ ድመት አይደለም! ጫት ነው ያለው፣ ጫት!"

እማዬ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችው። ተነስታ መዶሻውን ያዘችና የመታቻቸውን ምስማሮች አንድ በአንድ ነቀለቻቸው። ልትታረቅ ነው ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ለካ ነገሩ ሌላ ነው።

"ኻድራ! ገራባችሁን በአጥር እየወረወራችሁ ዶሮዬን ጨረሳችኋት!" አለች። ገራባ ተቅሞ የሚጣለው ነው፤ እንጨቱ፣ ያረጀው ቅጠል።

ኤዶ ኻድራ አልጮኸችም። "ነይ፣ ግቢ" አለቻት። "ነይ በዓይንሽ እይው።" ገባን። ፍየሏ ቆማ የጫት እንጨት ትቆረጥማለች፤ መሬቱ ላይ አንዲት ቅጠል የለችም። "ይቺ ፍየል ገራባ ልታስተርፍ? ከባሌ አፍ ያልቀማችው አላህ ጠብቆት ነው።" ይህን ብላ በተከፈተው በር ወደኛ ግቢ ዘለቀች። ግራ ቀኝ ሳትል በቀጥታ ወደ ሚሌ ሣጥን ሄዳ ከውስጡ አንድ እፍኝ አወጣች።

"ይኼስ?" አለች።

"ድርቆሽ ነዋ!" አልኩ እኔ። "አባዬ ለሚሌ የሚያመጣላት።"

እጄን ያዘችና እፍኙን መዳፌ ላይ አኖረችው። "እሺ የኔ ልጅ፣ አሽቺው።"

አሸተትኩት። የሚሌ አፍ ሽታ ነው። በጣቴ ስበታትነው ሣር አልነበረውም፤ የደረቀ ቅጠል፣ የተላጠ ቀጭን እንጨት። አባዬ ሌሊቱን እየቃመ የነዳበትን፣ ጋቢናውን ጠርጎ በጆንያ አድርጎ፣ ለዶሮዋ አልጋ ብሎ በእማዬ እጅ ሲያስነጥፍ ኖሯል!

"ውይ፣ በሞትኩት!" አለች ዝናሽ፣ በሁለት እጇ አፏን ይዛ።

እማዬ ግን አላሸተተችውም። እዚያው ቆማ መዶሻውን ታገላብጣለች። ኤዶ ኻድራ ክንዷን ያዘቻት። "ወርቄ፣ ታውቂያለሽ ብዬ ነው እኮ ዝም ያልኩት። ሹፌር ያን ሁሉ መንገድ በምን ይነቃል፣ አቦ?"

ከወደቡ በኩል የመርከብ ጥሩምባ ተሰማ። ከዚያ እማዬ፣ በፊት ሽንኩርት በምትጠይቅበት ድምፅ፣ "ኻድራ፣ ዘይት አለሽ?" አለቻት።

አባዬ የመጣው አመሻሹ ላይ ነው። ጆንያ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ነጭ ጥርሱ በአቧራው መሀል እያበራ ገባ። "ሚሌ እንዴት ናት? ድርቆሽ አምጥቼላታለሁ!" አለ። እማዬ፣ ኤዶ ኻድራ፣ ዝናሽና እኔ ተደርድረን እናየዋለን። ማንም ጆንያውን አልተቀበለውም።

"ቅመሰው" አለች እማዬ።

"ምኑን?"

"ድርቆሹን።"

አባዬ አንድ በአንድ አየን። ሐምራዊ የሆነችውን ሚሌንም አየ። ጆንያውን ቀስ ብሎ አወረደው። ዝናሽ አላስቻላትም፤ "ጋሼ፣ ካት ነው" ብላ አመለጣት። ኤዶ ኻድራ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት አጥሩን ተደገፈች። እማዬ አልሳቀችም፤ ከንፈሯ ዳር ግን የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።

"አዎ፣ ድመት ነው" አለች። "ዶሮዋን ድመት ነው የበላት። ድመቱ ይኸው ከነጆንያው መጣ።"

"ወርቄ፣ መንገዱ ረጅም ነው፤ እንቅልፍ..."

"ምለህልኛል እኮ፣ ተፈራ!"

"ቤት አይገባም ብዬ ነው የማልኩት" አለ አባዬ፣ እንደ ልጅ አቀርቅሮ። "ሣጥኗ ደግሞ ያለው ግቢ ነው።"

እማዬ ወደ ቤት ገባ ብላ ወጣች። ቢላዋውን ያመጣች መስሎኝ ሚሌን ላቅፍ ስንደረደር፣ ያመጣችው የኤዶ ኻድራን ዘይት ነበር። "አራጅ አልፈልግም" አለችው። "ያሳበጥካትን አንተው አሽተህ አውርድ።"

አባዬ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ሚሌን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ያን ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት መሪ ሲያዞር በዋለ ወፍራም አውራ ጣቱ፣ ከረጢቷን ከላይ ወደ ታች ያሽ ጀመር። እኔ በማንኪያ ጫፍ ዘይት አንጠባጥብላታለሁ። አንዳንዴ ሹፌሩን እንቅልፍ ያዳፋዋል፤ ከመንገድ ነዋ የመጣው። "ተፈራ!" ትላለች እማዬ ከውስጥ፤ ይነቃል፣ ይቀጥላል። እስኪጨልም እንደዚያ ሆነን ቆየን።

ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ ያየሁት የሣጥኑን ወለል ነው። አረንጓዴ ክር የመሰለ ነገር ጥላለች። ከረጢቷ ለስልሷል። አባዬ እዚያው ግቢ፣ ምንጣፍ ላይ፣ ባዶ እግሩን ዘርግቶ ያንኮራፋል፤ ሚሌ ደግሞ የእግሩን አውራ ጣት ጥፍር ትል መስሏት እየቆረቆረች ነበር። በደስታ ጮኼ ሰፈሩን ቀሰቀስኩት። ኤዶ ኻድራ በዚያች በር ገባች፤ ሱልጣንም ከኋላዋ። እማዬ ያን ቀን ከዓሣ አጥማጆቹ ዘንድ ለሱልጣን ለብቻው ዓሣ ገዝታለታለች። ይቅርታ መጠየቋ ነው። በአፏ ግን አላለችውም።

ከዚያ ወዲህ ድርቆሽ መጥቶ አያውቅም። በቤታችን ግን አንድ ነገር ቀረ። ስኳር ሲጎድል፣ መቀስ ሲጠፋ፣ ብስኩት ተበልቶ ሲገኝ፣ "ማን ነው?" ከተባለ መልሱ "ድመት ነው" ሆነ። እማዬ ውኃ በርሜሉን በጠመኔ ማስመሯን አልተወችም፤ አፌንም ማሽተቷን አልተወችም። የአባዬን ኪስ ግን ያን ጊዜም፣ ከዚያም በኋላ፣ ነክታ አታውቅም።

አሁን ሁሉም ተለውጧል። ጣውላው ቤት ፈርሶ በብሎኬት ተሠርቷል። መኪኖቹ አሁን የሚሄዱት ወደ አዲሱ ወደብ፣ ወደ ዶራሌ ነው፤ ካርቲየ 4 ውስጥ ቆሞ "ጋላፊ ደርሷል" ብሎ የሚጮህልህ ሹፌር የለም፣ ሁሉም በስልክ ሆኗል። ልጆቹም ስልክ ላይ ናቸው፤ ሱዚ የሚዘል አላይም። ሚሌ አርጅታ፣ ስፌቷ ላይ ነጭ ላባ በቅሎባት፣ በሰላም ሞተች። እማዬም ሄዳለች። አጥሩ ግንብ ሲሆን አባዬ ግንበኛውን "እዚህ ጋ በር ተውልኝ" ብሎት ያቺ በር አሁንም አለች። እሱ ጡረታ ወጥቷል፤ እንቅልፍ የሚከለክለው መንገድ የለውም። ባለፈው ሐኪሙ ሆዱን እንደ ሚሌ ከረጢት ጫን ጫን አድርጎ "ጫቱን ካልተዉ የሚበሉት አይወርድልዎትም" አለው። አባዬም ዓይኔን እያየ "ከተውኩት ቆይቻለሁ" አለ።

ባለፈው ሳምንት ከሸሚዙ ኪስ ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለች እርጥብ ቀንበጥ አገኘሁ። ተናድጄ በዚያች በር ወደ ኤዶ ኻድራ ገባሁ። አርጅታለች፤ ግን አማርኛዋ አሁንም ይፈሳል። ቀንበጧን አይታ ሳቀች። ድንገት ስንት ዘመን ሆዴ ውስጥ የተቀመጠውን ጠየቅኳት።

"ኤዶ፣ እማዬ ግን የእውነት አታውቅም ነበር?"

"የኔን ምስር ከቤቷ ሆና የምታሸት ሴት?" አለች።

ያ ጥያቄዋ አልለቀቀኝም። ጆንያውን በእጇ የምትበትነው እሷ ነበረች። የሚሌን አፍ ጎንበስ ብላ አሽትታ ቀጥ ያለችውም እሷ ናት። ሣጥኑን ከመፈተሽ ይልቅ የአጥሩን በር በምስማር መምታት የመረጠችውም እሷ ናት። አሁን ከሰው ሁሉ ይልቅ የምጠረጥረው እናቴን ነው። ተኝቶ ገደል ከሚገባብኝ ነቅቶ ይዋሸኝ ብላ ነው የኖረችው፤ እንደዚያ ይመስለኛል። ይህን ሳስብ ከኤዶ ኻድራ ፊት እንባዬ መጣ፤ አላፈርኩም። እሷ ባለመፈተሿ አባዬን አቆይታልኛለች፤ እኔ ደግሞ ፈትሼም ቢሆን ትንሽ ባቆየው ብዬ ነው።

ቀንበጧን ለኤዶ ኻድራ ፍየል ሰጠኋት። የድሮዋ ፍየል የልጅ ልጅ ናት፤ እሷም አላስተረፈችም። ሸሚዙን አጥቤ፣ ተኩሼ፣ እንደነበረ ወንበሩ ላይ አኖርኩት።

ጠዋት አባዬ ሸሚዙን ለበሰ። ኪሱን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ቆም አለ። መልሶ ዳሰሰው፣ ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

"ኪሴ ውስጥ የነበረውን ማን ወሰደው?" አለ።

"ድመት ነው" አልኩት።